ላ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ

ፍሪሲዮን ስትለቅ ከኋላ «ቋ!» ይላል፣
መኪናው ሳይነሳ ሆዱ ቀድሞ ይነሳል።
«ሰማኸው?» አለችኝ አልቪኔ ከመሪው፣
«ማርሹ አይደለም፤ የዲፈረንሻሉ ማሰሪያ ነው።
ጎሚኒው ሞቷል» አለች፣ ሐኪም መርዶ እንደሚያረዳ፣
ግን እጇን እያሸች በደስታ፣ ካፖርቷን ሰቅላ ከግድግዳ።

ሊየፓያ፣ የካቲት። ከባሕር የመጣ ነፋስ
የጋራዡን ቆርቆሮ ይዞ፣ እንደ ባለ ዕዳ ሲወቅስ፤
እኔ ከላይኛው ፎቅ ተከራይ፣ የሁለት ወር ኪራይ ያለብኝ፣
መብራት ያዥ ሆኜ ነው እንጂ፣ ስለ መኪና ማን ጠየቀኝ?

መኪናዋ ጀርመን ሠራሽ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ታላቅ፣
የግራ በሯ በርግጫ ካልሆነ የማይላቀቅ፤
በቀዘቀዘው ሐይቅ ላይ፣ ጎማዋ ምስማር ለብሶ፣
ሁለቴ ዋንጫ አምጥታለች፣ ጎረምሳው ከኋላ አልቅሶ።
አሁን ግን ነዳጅ ስትሰጣት፣ ግማሽ ሰከንድ ትዘገያለች፤
ግማሽ ሰከንድ በበረዶ ላይ፣ ዋንጫ ለሌላ ትሰጣለች።

አልቪኔ ስልሳ አንድ ሞላት፤ ጉልበቷ ወሬውን አልሰማም፤
ከመኪናው ሥር ስትገባ፣ እንደ እኔ «ወይ ወገቤ» አትልም።
ትራንስሚሽኑ ወረደ፤ ዘይቱ ተንጠፈጠፈ፤
አንዱ ቡሎን ግን ዝገት ጠጥቶ፣ ቤቱን ወርሶ አረፈ።
እሳት አሳየችው፤ ሳቀ። በመዶሻ መታችው፤ ዘፈነ።
በሴጌቶ ቆረጠችው፤ ያኔ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ጎሚኒው ወጣ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ በመብራት አየነው፤
ዙሪያው ተሰነጣጥቆ፣ መሃሉ ተቀዶ፣ የአሮጌ ሰው ጆሮ ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ብረት ብረትን ሲመታ፣
እሱ መሃል ተኝቶ፣ ዱላ ሲቀበል በዝምታ፣
እኛ «ጸጥ ያለች መኪና» እያልን፣ ጸጥታዋን ስናሞግስ፣
ከፋዩ እሱ ነበር ለካ፣ በየቀኑ ጥቂት ሲፈርስ።

ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ዕድሜ፣
«መብራት ወደ ግራ!» አለች፤ ተዋጠ ግማሹ ግጥሜ።

አዲሱ ላስቲክ አይደለም፤ ፖሊዩሪቴን ነው፣ ቢጫ፣
ከረሜላ መስሎ ያታልላል፣ ግን የለውም ማላመጫ።
አስገባነው በግድ፣ በረጅም ቡሎንና በዳዶ፣
ግራሶ ተቀብቶ ገባ፣ እንደ ልጅ ጫማ ተገዶ።
መፍቻዋ «ጠቅ» ሲል ደስ አላት፤ «ከእንግዲህ አይላወስም፤
የረገጥኩት ሁሉ መንገድ ይደርሳል፤ መሃል የሚበላ ደላላ የለም።»

ባሏን ኤድሙንድስን ግን ረሳን። ኦርጋን መቃኘት ነው ሙያው፣
በዚያች መኪና ቀበቶ ሲያስር፣ ወዲያው እንቅልፍ ነው የሚወስደው።

እሑድ ጧት ወደ ግሮቢንያ ወጣን። «ቋ» የለም፤ ጠፍቷል፤
በምትኩ ከወንበሩ ሥር፣ አንድ ቀጭን ነገር ያለቅሳል፤
በስልሳ እንደ ወባ ትንኝ፣ በሰማንያ እንደ ማንቆርቆሪያ፣
በዘጠና ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ሐኪም መሰርሰሪያ።

አልቪኔ ወደ ፊት ብቻ አየች፤ የጆሮዋ ጫፍ ግን ቀላ፤
ኤድሙንድስ ዓይኑን ገለጠ፤ ረጅም አዳመጠና፣ «ላ!»
አለ። ከኪሱ ሁለት ጣት ያላት የመቃኛ ሹካ አወጣ፣
ጉልበቱን መትቶ ጆሮው ላይ ያዛት፤ ግንባሩን ቋጠረ፣ ተቆጣ፤
«ትንሽ ዝቅ ይላል። ጨመር አድርጊ።» ረገጠች። ዘጠና አራት።
«አሁን!» አለ፣ እጁን አንሥቶ፣ «አሁን! እዚያው ላይ ያዢያት።»

እንዲህ ሄድን፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ የበረዶ ሜዳ በግራ፤
ማንም አልተኛ፣
ማንም አላወራ።

አሮጌውን ጎሚኒ ለምኜ ወሰድኩት፤ አሁን ከደጄ ሥር ነው።
የባሕሩ ነፋስ ሲመጣ፣ በሩን እሱ ላይ ሲያላትመው፣
«ቋ» አይልም።
የሁለት ወሩ ኪራይ ግን
አሁንም አልተከፈለም።